ምርቃት የበዛበት ኮምፒውተር

ምርቃት እምቢ የሚል አበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሾላ ገበያ ወርዳችሁ በርበሬ ስታስመዝኑ፣ ሚዛኑ ልክ ሲሆን ነጋዴው እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ አንድ ጭብጥ ይጨምርላችኋል። «ይቺ ምርቃት ናት» ይላል። እናንተም ዘንቢላችሁን ትከፍታላችሁ እንጂ «የለም፣ የገዛሁት ይበቃኛል» አትሉም። ቃሉ ራሱ አያስችልም። ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን ነው የሚባለው፤ ነጋዴ ሲመርቅም ያው ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው አስተዳደጌ ነው። በርበሬ ላይ የተማርኩትን ጨዋነት ኮምፒውተር ላይ ይዤው ሄድኩ።

ጊዜው «የፈረንጆች ሁለት ሺ ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል» እየተባለ መወራት የጀመረበት ነበር። እኛ አገር ሁለት ሺ ገና ብዙ እየቀረው፣ ኮምፒውተሩ የማንን ዘመን አቆጣጠር ተከትሎ እንደሚያብድ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። የኔ ኮምፒውተር ግን ማንንም አልጠበቀም። ከካርቶኑ ሲወጣ አብዶ ነበር።

ኮምፒውተሩን የገዛነው ለባለቤቴ ለሙሉ ነው። ሙሉ አሥሩም ጣቶቿ የማያውቁት ፊደል የሌለ ታይፒስት ናት። የሰው ደብዳቤ መምታት ሰልችቷት ሥራዋን ለቀቀችና ሃያ ሁለት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ የራሷን ጽሕፈት ቤት ከፈተች። ከፈተች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ክፍሏ የተሰጠችን ለሙከራ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ አሰለፈች ሲሆኑ፣ ክፍሏን አጥብቆ የሚፈልግ አንድ ሥጋ ነጋዴ ነበረባቸው። ሃያ ሁለትን የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚያ ሰፈር ሥጋ ቤት የማይሆን ክፍል ካለ ወይ በር የለውም ወይ ባለቤቱ ጿሚ ነው።

«ሥጋ ሁሌም ይበላል፤ ወረቀት ማን ይበላል?» አሉን እትዬ አሰለፈች ገና በመጀመሪያው ቀን። ቀጥለውም ፍርዱን ተናገሩ። «ልጄን ሰናይትን በጥር እድራለሁ። የጥሪ ካርዷን አሳምራችሁ ከሠራችሁልኝ ቤቱ የናንተ ነው። ካላሳመራችሁ ግን እንዳትቀየሙኝ፣ ጾም ሳይገባ ለሥጋ ቤቱ እሰጠዋለሁ።»

ሙሉ ያን ቀን እቤት ስንገባ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወደ ሰው ቢሮ አልመለስም።» እራት ሳትበላ ተኛች። እኔም በሆዴ፣ ይቺ ሴት ወደ ሰው ቢሮ ከተመለሰች ከእኔ ጋር መኖሩም ሊያስጠላት ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

እና ኮምፒውተሩን ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ገዛን። ጋሽ ሸምሱ ድሮ ሾላ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጡ የነበሩ፣ ኋላ ዱባይ ተመላልሰው ቦሌ መንገድ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የከፈቱ ደግ ሰው ናቸው። ከኮረሪማ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወሩ ዕቃው ተለወጠ እንጂ አሻሻጣቸው አልተለወጠም። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ወንበራቸውን ወደ ማሽኑ ጠጋ አደረጉ፣ የእኔን ስም መዘገቡበት፣ ከዚያ ከመሳቢያቸው በዲስክ ላይ ዲስክ እያወጡ ማጉረስ ጀመሩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምርቃት ነዋ! ከእኔ ሱቅ ዕቃ ያለ ምርቃት ወጥቶ አያውቅም፣ ወላሂ።»

«ምን ይሠራል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። ግን ብዙ ነው።»

አሜን አልኩ። ምን ልበል? ማሽኑ ራሱ ከፋብሪካው ሲመጣ ተመርቆ ነው የመጣው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ኮምፒውተሩን ነፍስ ዘርቶ የሚያንቀሳቅሰው ነገር፣ ማንም ያልጠየቀውን ኮተት አዝሎ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በዚያ ላይ ጨመሩበት። ሃያ ሁለት ወስደን ስንከፍተው ዓሦች በመስታወቱ ላይ ይዋኛሉ። በዓረብኛ የሚናገር አንድ ነገር ብቅ ብሎ ምናልባት ሰላምታ፣ ምናልባትም ስድብ ብሎን ይጠፋል። ኮከባችንን የሚያነብልን አለ። ከሁሉ የባሰችው ግን ኮፍያ ያደረገች ድመት ናት። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሙሉ አንድ ፊደል በነካች ቁጥር ጅራቷን እየቆላች በእንግሊዝኛ «ልርዳሽ?» ትላለች። ሙሉ መጀመሪያ ላይ በትሕትና «ኖ» የሚለውን ትጫን ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ድመቷን የምትጠራበትን ስም እዚህ መጻፍ አልችልም።

እኔ ደግሞ እንደምታውቁት በመሥሪያ ቤቴ ተርጓሚ ነኝ። እንደምታውቁት ያልኩት ለወጉ ነው፤ ማንም አያውቅም። ግን እንግሊዝኛ ስለማውቅ ኮምፒውተርም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሙሉ በጠየቀችኝ ቁጥር አንገቴን ነቅንቄ «ተይው፣ ይጠቅማል» እላት ነበር። ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ምርቃት ነዋ።

የጥሪ ካርዱ ናሙና ተሠርቶ የወጣ ዕለት እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ሥጋ ነጋዴውም ክፍሏን ሊለካ ሜትር ይዞ ከኋላቸው ገባ። ገና እኛ ተቀምጠንበት ሳለ የሥጋ መስቀያ የሚሆንበትን ግድግዳ በዓይኑ እየመረጠ ነበር። እትዬ አሰለፈች መነጽራቸውን እቤት ረስተው ስለነበር ካርዱን ለእሱ አቀበሉት።

«እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ካርዱ ላይ የሙሽሮቹ ስም ጎላ ብሎ ለብቻው በየመስመሩ ነበር የተጻፈው። «ልጃችን ወይዘሪት...» አለና ቆመ። ካርዱን አራቀው፣ አቀረበው። ከዚያ ፊቱ በደስታ በራ። «ወይዘሪት ሸናይት!»

አንዲት ፊደል ስትለወጥ ስሙ ወዴት እንደሚያመራ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

«ማን አልክ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ወረቀቱ ነው! ሸናይት ይላል። ሙሽራውም ተሾመ መሆኑ ቀርቶ ጠሾመ ሆኗል።»

የእሳቸውም ስም አሰለፈች መሆኑ ቀርቶ በዐይኑ ዐ ዐሰለፈች ሆኖ ነበር፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ግን በዚያ በኩል ተረፍን። እትዬ አሰለፈች ካርዱን ከሰውየው እጅ መንጭቀው ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

«ልጄን በአገር ፊት እንዲህ ልታስጠሩልኝ ነው? እስከ ዓርብ ከሰዓት እጠብቃለሁ። ዓርብ አምሮ ካላገኘሁት ዕቃችሁን አንሡ።»

ሙሉ ቁጭ ብላ ጣቶቿን አየቻቸው። «እኔ ሰ ነው የመታሁት» አለች። «እጄ እኮ አይዋሸኝም።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሙሉ በቀብር ላይ እንኳ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ የምታስጠጋው ለይሉኝታ ነው፤ እንባዋን ሳይ ወንጀለኛ ፍለጋ ተነሣሁ።

የሚስት እንባ ያየ ጭንቅላት አይሠራም። ወዲያው ወንጀለኛውን አገኘሁት፤ ሥጋ ነጋዴው ነው! ምሳ ስንወጣ በስውር እየገባ «ሰ»ን «ሸ» የሚያደርግብን እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ያነበበበትን ፊት አላያችሁም! ስለዚህ ሙሉ ሳታየኝ ኮምፒውተሩ ላይ የይለፍ ቃል አደረግሁበት። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይኼንንም ይችላል፤ ሲከፈት «ማነህ? ቃልህን ተናገር» ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። ሥጋ ነጋዴው በሕልሙም የማያስበውን ቃል መረጥኩ፤ «ጎመን በጤና» አልኩት። ሁለት ጊዜ ጻፍ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ፊደሎቹ በኮከብ ተሸፍነው ስለሚታዩ ምን እንደጻፍኩ ለራሴም አይታየኝም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ማሽኑ ያን ሰሞን ሳይዘጋ ስለሚያድር ቃሉን ገና የጠየቀው ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ሙሉ ጠራችኝ። «ና እይ። ዓይኔ እያየ ነው።»

ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ሰናይት ብላ ጻፈች። ሰናይት ሆነ። ክፍት ቦታ ለመተው ረጅሙን ቁልፍ ስትነካ ሰ ራሱን ነቅንቆ ሸ ሆነ። መልሳ አረመችው። ድመቷ ጅራቷን ቆላች፤ ሸ ተመልሳ መጣች። ሥጋ ነጋዴው በሌለበት ቦታ ሰ ሸ ሆነች። በሰውየው ላይ ያሰብኩትን ሁሉ በልቤ መልሼ ወሰድኩ፤ በአፌ ግን ገና ነኝ።

ምክንያቱን ለመረዳት ተርጓሚነቴ ጠቀመኝ። በዚያን ዘመን አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቤት አልነበረውም፤ በእንግሊዝኛው ቤት በደባልነት ነበር የሚኖረው። እናንተ ሰ ስትጽፉ ማሽኑ የሚያየው ትንሿን ኤስ ነው፤ ሸ ስትጽፉ ትልቋን ኤስ። ያቺ ድመት ደግሞ በጀርባዋ አንድ አራሚ ይዛ ነበር የመጣችው። አራሚው የድሮ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነገር ነው፤ በመስመር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፊደል ካየ «ነውር ነው» ብሎ ትልቅ ያደርጋታል። አራሚ ጌታዬ የሠራው መልካም እንግሊዝኛ ነው። የወጣው ሸናይት ነው።

«አውጣልኛ ታዲያ ይቺን ድመት!» አለች ሙሉ።

ሞከርኩ። ድመቷን ላጠፋት ስል «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «ካጠፋኸኝ ሌሎችም ላይሠሩ ይችላሉ» አለች። በድፍረት አዎ አልኩ። ዓሦቹ ጠፉ፤ ድመቷ አለች። ደግሜ ሞከርኩ፤ የፕሪንተሩ ነገር ጠፋ፤ ድመቷ አለች። ፕሪንተሩን በስንት ልመና ስመልሰው ዓሦቹም አብረውት ተመለሱ። ምርቃቱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ አንዱን ስትስብ ሌላው ይተረተራል። ሙሉ ማሽኑን እንዳትመታው ሰግታ በእኔ ላይ ጮኸች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው፤ ዳውላው እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ጧት ቦሌ ወደ ጋሽ ሸምሱ በረርኩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ምርቃቱን ይመልሱልኝ።»

የሰውየው ፊት ተለወጠ። «ምርቃት ይመለሳል እንዴ ወንድሜ? ምን በድዬህ ነው?»

«አልበደሉኝም! በዛብኝ እንጂ።»

«በርበሬ ሲበዛ ወጥ ላይ ሽሮ ይጨመራል እንጂ በርበሬው ከወጡ ይለቀማል?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ገባኝ። ማሽንህ ታሞ ነው። ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ አለኝ።» ከመሳቢያው ሌላ ዲስክ መዘዙ።

«ዋጋው?»

«ኧረ ተው! ምርቃት ነው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እናንተ አሁን «እምቢ በል እንጂ!» እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን እንደ ዘንቢል አፍ ተከፈተ።

መድኃኒቱ ማሽኑ ውስጥ እንደገባ ምርመራ ጀመረ። ዓሦቹን ቢሆን፣ ድመቷን ቢሆን፣ ኮከብ ቆጣሪውን ቢሆን «ጤነኛ» እያለ አለፋቸው። እኛው ፈልገን ያስገባነው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጋ ሲደርስ ቀይ ሆኖ ጮኸ። በሽታ ነው! አደገኛ ነው! ላጥፋው?

«እንዳትነካው!» አለች ሙሉ እጄን ይዛ። «ከዚህ ሁሉ መንጋ መሃል የእኛ ያልነው እሱን ብቻ ነው!»

አታጥፋ አልኩት። ተቀየመ፤ እንግዲያው ኮምፒውተሩን ዘግተህ ክፈት አለኝ። ዘግቼ ከፈትኩ። በዚህን ጊዜ በር ላይ ያቆምኩት ዘበኛ ብቅ አለ፦ ቃልህን ተናገር።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሙሉ።

«አታስቢ፣ የእኔ ነው» አልኩ በኩራት። ጎመን በጤና ብዬ ጻፍኩ። አይደለም አለኝ። ደገምኩ። አይደለም። ቀስ ብዬ፣ ጣቴን በየፊደሉ እየተከልኩ ጻፍኩ። አይደለም! ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉን ያደረግሁት አማርኛው ተከፍቶ ሳለ ነው፤ በአማርኛ ነው የጻፍኩት። አማርኛው ደግሞ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ከተገባ በኋላ ነው። በሩ የሚከፈትበት ቁልፍ እቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። ዘበኛው ጎመን በጤናን ይፈልጋል፤ እኔ ደጅ ቆሜ የምችለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ካርዱ ውስጥ ነው። ከሰዓት ሆኗል።

ለሙሉ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚህ ቀደም እንዲህ ያየችኝ የሠርጋችን ዕለት ቀለበቱን በቀኝ ኪሴ ፈልጌ ያጣሁት ጊዜ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ አሰለፈች ገቡ፣ መነጽራቸውን ዛሬም ረስተዋል። ሥጋ ነጋዴው ከኋላቸው ነው፤ ሜትሩን ይዟል።

«እህሳ?» አሉ።

ሙሉ ተነሣች። ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ዕቃዋን ልታነሣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች።

«ይኼ ቃል የሚጠይቀው ሣጥን ላይ ያሉት ሁለቱ ቁልፎች ምን ይላሉ?»

«ግራው ኦኬ ነው፣ ይሁን ማለት ነው። ቀኙ ካንስል ነው።»

«ካንስል ምንድን ነው? በአማርኛ ንገረኝ!»

«ይቅር» አልኩ። «ይቅር ማለት ነው።»

«እንግዲያው ይቅር!» አለች ሙሉ። «ይቅር! ሁሉም ይቅር!» አለችና በጣቷ ባላት ኃይል ሁሉ ተጫነችው።

ኮምፒውተሩ ተከፈተ።

አንባቢዎቼ፣ ተከፈተ! ዘበኛው ቃል አልጠየቀም፣ ስም አልጠየቀም፤ ይቅር ሲባል ዞር ብሎ አሳለፋት። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ይኼን የሚያህል የፈረንጅ ብልሃት፣ በሩን በሰባት ቁልፍ ቆልፎ አጠገቡ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ የተወ ነው። ቃል የሚጠየቀው ጨዋ ሰው ብቻ ነው፤ ሌባ ይቅር ብሎ ይገባል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ደኅንነት ጉድለቱ ለአምራቹ መሥሪያ ቤት በጠራ እንግሊዝኛ አቤቱታ እጽፍ ነበር። ያን ቀን ግን ጉድለቱን ብስመው ደስ ባለኝ።

ገና ተአምሩ አላለቀም። ሙሉ ዙሪያውን አየችና «ድመቷስ?» አለች። ድመቷ የለችም! ዓሦቹ የሉም፣ ዓረብኛ ተናጋሪው የለም፣ መድኃኒት ነኝ ባዩም የለም። ለካ ጋሽ ሸምሱ ምርቃቱን ሁሉ የጫኑት በእኔ ስም ነው። በእኔ ስምና በእኔ ቃል የሚገባ ሰው መንጋው ሁሉ ይከተለዋል። ይቅር ብሎ የሚገባ ግን ባዶ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር ያገኛል። አማርኛው ግን በማንም ስም ስላልተጫነ ቦታው ነበር፤ ሙሉ በእጇ ከፈተችው። ካርዱን አወጣችው። ሰናይት ብላ ጻፈች፣ ረጅሙን ቁልፍ ነካች። ሰ ሰ ሆና ቀረች።

«እልልልል!» አለች ሙሉ። እትዬ አሰለፈች ምን እንደሆነ ባያውቁም ሠርግ ደጋሽ ናቸውና እልልታ ሰምተው ዝም ማለት አልቻሉም፤ ተቀበሏት። እኔም አጨበጨብኩ። ሥጋ ነጋዴው ሳይወድ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ።

ፕሪንተሩ እያቃሰተ ካርዱን አወጣው። እትዬ አሰለፈች ሳያመነቱ ለሥጋ ነጋዴው አቀበሉት።

«አንብብ። እንደዚያን ቀኑ ጮክ ብለህ።»

ሰውየው አነበበ። «ልጃችን ወይዘሪት... ሰናይት...» ድምፁ እየወረደ ሄደ። «ከአቶ ተሾመ ጋር...»

«አልሰማሁህም!»

«ሰናይት! ከአቶ ተሾመ ጋር!»

እትዬ አሰለፈች ካርዱን ተቀብለው የልጃቸው ስም ይሆናል ብለው የገመቱበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው እርጥብ አለ። ከዚያ ወደ ሥጋ ነጋዴው ዞሩ። «ሜትርህን ጠቅልል ወንድሜ። ቤቱ ባለቤት አለው።» ለሙሉም «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ» አሏት። ሙሉ ጎንበስ ብላ አሜን አለች፤ እኔ ደግሞ ይኼ ምርቃት ምን ተጨማሪ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ልጠይቅ ብዬ ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ኮምፒውተር በቃል ተከፍቶ አያውቅም። የሙሉ ደንበኞች ጧት ጧት «ይቅር!» ብላ ሥራ ስትጀምር ሲሰሙ የጸሎት ሥርዓት ይመስላቸዋል። እኔ በማሽኑ አጠገብ ማለፍ እንጂ መቀመጥ ተከልክያለሁ፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

የጽሕፈት ቤቱን ስም የያዘው ሰሌዳ የተሰቀለ ዕለት መንገደኛው እየቆመ ያይ ነበር። ሙሉ መሰላሉ ላይ ወጥታ ምስማሩን በራሷ እጅ መታችው፤ ለማንም አልሰጥም አለች። ስትጨርስ ከላይ ሆና ዞር ብላ መንገዱን ሁሉ አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያም «ቀጥ ብሏል?» አለችኝ።

«ቀጥ ብሏል!» አልኩ፣ ሃያ ሁለት በሙሉ እስኪሰማኝ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።